የሙሽሪት ፊት

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሁለት ልጆች ድራለች፣ የልጅ ልጅ አይታለች፣ ጉልበቷ ሲያስቸግራት ደረጃ የምትወርደው በጎኗ ነው። ታዲያ ዛሬም ድረስ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት “ሙሽሪት” እያለ ነው። ፖስታ አመላላሹ ሙሽሪት ይላታል፣ ባዶ ጠርሙስ የሚያመጣው ሾፌር ሙሽሪት ይላታል፣ የገዛ ልጇ እንኳ ሊያሾፍባት ሲፈልግ “ሙሽራዬ” ይላታል። ምን ታድርግ? ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ወደዚያ ቤት ስትገባ አማቷ፣ የባሏ አባት፣ በሩ ላይ ቆመው “እንኳን ደህና መጣሽ ሙሽሪት” አሏት፤ በቃ፣ ስሟ እዚያው ተለጥፎ ቀረ። እሷም አይከፋትም። “የሚያረጅ ሰው ይከፋው፤ እኔን ምን ቸገረኝ?” ትላለች።

ቤቱ ወይን የሚጠመቅበት ቤት ነው። የሚጠጣበት እንዳይመስላችሁ፤ የሚጠጣበትማ የትም ሞልቷል። እዚህ ግን ሐረጉን ከመግረዝ እስከ ጠርሙሱ ቡሽ ድረስ ሁሉን ነገር አንድ ቤተሰብ ይሠራዋል፤ ሲሠራው ደግሞ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ነው። የጀመሩት የአማቷ አባት ናቸው። እኚያ ሰው መጀመሪያ በርሜል ሠሪ ነበሩ። አንድ ቀን መዶሻቸውን ወርውረው “የሰው ወይን ማደሪያ ስሠራ ልሞት ነው እንዴ?” አሉና ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ድንጋያማ ዳገት ያዙ። ጎረቤት ሳቀባቸው። “ከድንጋይ ሊጨምቅ ነው” ተባለ። እሳቸው መልስ አልሰጡም። ድንጋዩን እየለቀሙ ካቡት፣ በካቡ መሃል ሐረግ ተከሉ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው ሥር ምድር ቤቱን በገዛ ዶማቸው ቆፈሩት፤ ቁፋሮው ብቻ አራት ዓመት ፈጀ። ሲስቅ የከረመው ጎረቤት በአምስተኛው ዓመት ብርጭቆ ይዞ ከች አለ። ሰው እንዲህ ነው፤ አትፍረዱበት።

በኋላ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቻቸውን አስገቡ። ነገር የመጣው ያኔ ነው። አንድ ጠዋት ሁለቱ ወንድማማቾች አንዱን በርሜል ቀመሱና አንዱ “ደርሷል” አለ፣ ሌላው “ገና ነው” አለ። ደርሷል፣ ገና ነው፣ ደርሷል፣ ገና ነው። ነገር ነገርን እየጎተተ ከበርሜሉ ወደ እናታቸው ውርስ፣ ከውርሱ ወደ ሚስቶቻቸው ተሻገረ። ሲመሽ ሁለቱም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ፤ እስኪሞቱ ድረስም አልተነጋገሩም። የበርሜሉን አፍ ደግሞ በንዴታቸው ክፍቱን ትተውት ኖሮ ወይኑ ሆምጥጦ ተገኘ። ታላቅየው ወንድሞቻቸውንም በርሜላቸውንም ባንድ ቀን አጡ። ከዚያ ወዲያ አንድ ደንብ አወጡ፦ ሦስት አፍ ይቀምሳል፣ አንድ እጅ ይጽፋል፣ ማንም ትንፍሽ አይልም።

ደንቡ እስከ ዛሬ ሳይሸራረፍ ይሠራል። በዓመት አንድ ቀን ሦስት ሰዎች ወደ ምድር ቤት ይወርዳሉ። አንዱ ረጅሟን የመስታወት ቱቦ በበርሜሉ አፍ ነክሮ ለሦስቱም ይቀዳል። ሦስቱም ይቀምሳሉ፣ ይተፋሉ፣ ዝም ይላሉ። የቤቱ ታላቅ በጠመኔ የበርሜሉ ግንባር ላይ ምልክት ያደርጋል። ክብ ከሆነ ወይኑ ደርሷል፣ ወደ ጠርሙስ ይሄዳል። ሰረዝ ከሆነ አንድ ዓመት ይቆያል። ኤክስ ከሆነ ተበላሽቷልና ኮምጣጤ ሠሪው መጥቶ ይወስደዋል። የተጻፈውን ከጻፈው በቀር ማንም አያጠፋውም፤ ስለ እሱ የሚናገርም የለም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ነው ነገሩ።

ሙሽሪት ሦስተኛው አፍ ከሆነች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትመጣ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች። በገባች በሁለተኛው ወር የታጠበ ጠርሙስ አንስታ አሸተተችና “ይሄ ነጭ ጋዝ ተቀምጦበት ያውቃል” አለች። ባሏ አሸተተ፣ ምንም የለም። ታላቅ ወንድሙ አሸተተ፣ ምንም የለም። አማቷ ጠርሙሱን ተቀብለው አሸተቱና እሷን ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቋትም። ዓይኗን አስጨፍነው እርጥብ ዕንጨት ያስሸትቷታል፣ የሻገተ ቡሽ ያስሸትቷታል፣ ከላይኛውና ከታችኛው የወይን መሬት አፈር አምጥተው “የትኛው የት ነው?” ይሏታል። አንድ ቀን እሳቸው ሲሳሳቱ አረመቻቸውና “ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች!” ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሦስተኛዋ ቀማሽ የነበሩት ባለቤታቸው ሲያርፉ የመስታወቱን ቱቦ ማንንም ሳያማክሩ ለሷ ሰጡ። አባቷ በልጅነቷ ነው የሞቱባት። ስለዚህ እኚህን ሰው “አባባ” ስትል ከልቧ ነው።

ፊቷ ግን ጉድ ነው፤ ምስጢር አይቋጥርም። ባሏ ሾርባ ሠርቶ ሲያቀርብላት “እንዴት ነው?” ብሎ አይጠይቃትም፤ ዝም ብሎ ግራ ቅንድቧን ያያል። ቅንድቧ ከተነሳ ተሳክቶለታል ማለት ነው። አፍንጫዋ ከተሸበሸበ ዳቦ ፍለጋ ይሄዳል። እሷ ታዲያ ይህን አታውቅም። የራሱን ፊት ማን ያየዋል?

ሁለተኛው አፍ የአባባ ታላቅ ልጅ፣ የባሏ ወንድም ነው። ቤት ውስጥ ከረባት አስሮ የሚውል፣ ምሳ ላይ እንኳ “አጀንዳችን ምንድን ነው?” የሚል ሰው ስለሆነ “ሊቀመንበሩ” ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ደንብ ይወዳል እንጂ። ሲቀምስ ዓይኑ አባቱ እጅ ላይ ነው፤ አባቱ የጻፉትን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ያለፉትን ሦስት ዓመታት ወይን እየከፈተ “የአባታችን ምላስ! ከሰማንያ ዓመት በኋላ እንዲህ ያለ ምላስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?” ይላል። እውነትም ሦስቱ ዓመታት ቤቱ በታሪኩ አይቶ የማያውቀው ወይን የወጣባቸው ነበሩ። ሆኖም በዚያው አፉ “አባባ እያረጁ ነው፤ ዲፕሎማ ያለው ቀማሽ እንቅጠር” ማለቱን አልተወም። አንድ ቀን ሽማግሌው መረራቸውና “ስማ፣ አንዲት በርሜል ተሳስቼ ካገኘኸኝ ያን ዕለት ከምድር ቤቱ እወጣለሁ፤ ያሻህን ቅጠር” አሉት። ሙሽሪት ይህን ስትሰማ ሳቀች። አባባና ስህተት? ኤዲያ!

እንግዲህ ወደ ጥርሷ እንምጣ።

የዘንድሮው ቅምሻ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የታችኛው መንጋጋዋ ላይ አንዱ ጥርሷ ተነሳባት። ባሏ “ሐኪም ቤት እንሂድ” አላት። “ከቅምሻው በኋላ” አለች። እልኸኛ ናት። ቀረች ማለት ሊቀመንበሩ የራሱን ቀማሽ ይዞ ሊወርድ ነው፤ እሷ ደግሞ ይህን ፈጽሞ አትፈቅድም። ስለዚህ ቅርንፉድ በጉንጯ ወሸቀች። ቅርንፉድ ሕመሙን ያደነዝዛል፤ ችግሩ ምላሱንም አብሮ ያደነዝዛል። በዚያች ማክሰኞ ጠዋት ወደ ምድር ቤት ስትወርድ እንኳን ወይን ከወይን፣ ወይን ከውሃ መለየት አትችልም ነበር። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ እሷም ታውቀዋለች። “አባባ አሉ አይደል? እኔ አንድ ቀን ባልቀምስ ምን ይጎድላል?” ብላ ራሷን ሸነገለች።

አሥራ ሁለት በርሜል ነው። የታችኛው መሬት ስምንቱ በደህና አለፉ፤ ሽማግሌው ክብ አደረጉ፣ ሰረዝ አደረጉ፣ ቀጠሉ። ዛሬ ግን ከወትሮው የዘገዩ መሰላት፤ ከእያንዳንዱ ጉንጭ በኋላ ጠመኔውን ይዘው ይቆማሉ። የላይኛው መሬት ጋ ሲደርሱ፣ ያ የመሥራቹ ድንጋያማ ዳገት የሚሰጠው ወይን ካለባቸው ከአራቱ በርሜሎች ከመጀመሪያው ስትጎነጭ ቀዝቃዛው ወይን ቀጥ ብሎ የጥርሷ ቀዳዳ ውስጥ ገባ። እናንተዬ! ጀርባዋ ድረስ ተሰማት። ጮኻ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር፤ ግን መናገር የለም፣ ስለዚህ ፊቷን ጨምድዳ ዋጠችው። በሁለተኛው እንደዚያው ሆነች። በሦስተኛውና በአራተኛው ገና ብርጭቆውን ስታነሳው ፊቷ ይጨማደድ ጀመር።

ሕመሙ ይዟት የሚጻፈውን ልብ አላለችም ነበር፤ ቀና ስትል ሽማግሌው የመጨረሻውን ኤክስ እየጨረሱ ነበር። አራቱም በርሜል ላይ ኤክስ!

እሷ በዚያ ቤት በኖረችበት ዘመን የላይኛው መሬት ኤክስ ተደርጎበት አያውቅም። ሊቀመንበሩም ፊቱ ነጣ፤ ብርጭቆውን ደግሞ አሸተተ፣ አባቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ማንም ትንፍሽ አላለም። ወደ ላይ ወጡና ሊቀመንበሩ ለኮምጣጤ ሠሪው ስልክ ደወለ። “ቅዳሜ ጠዋት” ተባለ።

በማግስቱ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። “ይህን ጥርስ ለሙዚየም ነው ያስቀመጥሽው?” አላት። ነቀለላት። ሐሙስ ጠዋት ስትነቃ ድዷ ላይ ጥጥ አለ እንጂ ሕመም የለም፤ ምላሷም ተመልሷል። የመጀመሪያ ሥራዋ ወደ ምድር ቤት መውረድ ነበር። እነዚያን አራቱን ሳታያቸው ልቧ ሊያርፍ አልቻለም። “ምን ሆናችሁብኝ?” አለቻቸው፤ ብቻዋን ስትሆን በርሜል ታነጋግራለች። ከመጀመሪያው ቀዳች፣ ቀመሰች።

ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ አለች። ከሁለተኛው ቀመሰች፤ ከሦስተኛው፣ ከአራተኛው። ወይኑ መበላሸት ቀርቶ፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ምድር ቤት እንዲህ ያለ ነገር አፏ ገብቶ አያውቅም። “አባባ ተሳሳቱ” አለች፤ የገዛ ድምጿ አስደነገጣት። እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ ለጀማሪም አይሆንም።

አንድ ብርጭቆ ቀድታ ወደ ላይ ወጣች። ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ቡሽ ይመርጣሉ፤ የተሰነጠቀውን ወደ ግራ፣ ደህናውን ወደ ቀኝ።

“አባባ፣ እስቲ ይሄን ቅመሱልኝ።”

ብርጭቆውን ተቀበሉ። ወይኑን ግን አላዩም፤ ያዩት እሷን ነው። ጉንጯ አብጧል፣ አፏ ጥጥ አለበት፣ ከፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ጎነጩ። ዋጡ። ቆዩ።

“ከየትኛው ነው?” አሉ።

ይህን ጥያቄ ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። ድሮ ብርጭቆው ገና በር ላይ ሳለ በርሜሉን ይነግሯት ነበር። ጠረጠረች። ዞር ብላ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ለማብሰያ የተቀመጠች፣ አፏ ተከፍቶ ሁለት ሳምንት የከረመች ወይን አለች፤ ሽታዋ ዝንብ ይጠራል። ከእሷ ቀዳች። ጥጧን ተፍታ፣ እንደምንም ፈገግ ብላ ተመለሰች።

“ይሄስ አባባ?”

ፈገግታዋን አዩ። ጎነጩ። “ይሄማ ግሩም ነው! ይሄማ ይበልጣል!” አሉ።

ሙሽሪት ብርጭቆውን ከእጃቸው ቀስ ብላ ወሰደችና አጠገባቸው ተንበረከከች። ነገር ማዞር አታውቅም። “አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ምኑ?”

“መቅመስ ያቃተዎት።”

“ውጪልኝ!” አሉ። “ጠርሙስ አጣቢ! እኔ ያስተማርኩሽ! ውጪ ብያለሁ!” እጃቸው ሲወራጭ ቡሹ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። እሷ ወጥታ አልሄደችም፤ በአራት እግሯ እየዳኸች ቡሹን ለቀመች። ለቅማ ስትጨርስ የሽማግሌው ድምፅ ወርዶ ነበር።

“ከዚያ ጉንፋን ጀምሮ” አሉ። “ሦስት ዓመት። አንድ ጠዋት ተነሳሁ፣ ሽታ የለም፣ ጣዕም የለም። ይመለሳል ብዬ ጠበቅሁ። ዳቦውም፣ ወይኑም፣ ሳሙናውም አንድ ሆነብኝ።” ከዚያ “ኤክስ ያደረግኋቸው አራቱስ እንዴት ናቸው?” አሉ።

“በሕይወቴ ቀምሼ የማላውቀው ነው፣ አባባ።”

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። “ለታላቁ ልጄ ከተነገረው እኔ ከዚህ ወንበር አልነሳም” አሉ። “ቅዳሜ ኮምጣጤ ሠሪው ይመጣል” አሉ ደግሞ።

እስቲ ፍረዱ። ብትናገር፣ አባት የሆኗት ሰው በልጃቸው ፊት ሊዋረዱ ነው፤ ምድር ቤቱ ለእንግዳ ቀማሽ ሊሰጥ ነው። ዝም ብትል ደግሞ የዘመናት አንደኛው ወይን ሰላጣ ላይ ሊፈስ ነው። ለባሏ ነገረችው። ባሏ ሐረግ ሲገርዝ የሚውል፣ ቃል ሲያወጣ የሚሳሳ ሰው ነው፤ መቀሱን እየሳለ ሰማትና “አንቺ ታውቂያለሽ” አለ። “ይህን ለማለት ነው እንዴ አፍ የተሰጠህ?” ብላ ጮኸችበት። እሱም አሰበበትና “የሆነ ነገር ካልሽ ከጎንሽ እቆማለሁ” አለ። ለሱ ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

እሷም ቆረጠች። ወይኑንም ሽማግሌውንም ታድናለች፤ የሚከፈል ነገር ካለ ከሷ ይሂድ። አንዴ ከቆረጠች ደግሞ የሚያስቆማት የለም። አርብን ሙሉ እያፏጨች ጠርሙስ አጠበች።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምጣጤ ሠሪው ታንከር መኪናውን እያንገጫገጨ ደረሰ። ሆዱ ትልቅ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚበልጥ ሰው ነው። የመኪናውን ቱቦ እየጎተተ ወደ ምድር ቤት ወረደ፣ ሊቀመንበሩና ባልና ሚስቱ ተከተሉት። የመጀመሪያውን በርሜል አፍ ከፍቶ እንደ ልማዱ አፍንጫውን አስጠጋ። ቀና አለ። እንደገና አስጠጋ።

“እናንተ ሰዎች፣ አብዳችኋል?” አለ። “ይሄን ኮምጣጤ ላድርግ? እኔ ለነፍሴ አላስብም እንዴ?”

“ኤክስ ተደርጎበታል” አለ ሊቀመንበሩ። ድምፁ ግን እንደ ሌላው ቀን አልጠነከረም። “ደንብ ደንብ ነው። ውሰደው።”

ሙሽሪት በበርሜሉና በቱቦው መሃል ገብታ ቆመች። “አይነካም” አለች።

“ምን ማለትሽ ነው?”

“ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጋሼ። ማክሰኞ ዕለት ጥርሴን አሞኝ ቅርንፉድ ይዤ ነበር። በቅርንፉድ እጄ የመስታወቱን ቱቦ ነካሁት። አባባ የቀመሱት ወይኑን ሳይሆን የኔን ቅርንፉድ ነው። ኤክስ ማድረጋቸው ትክክል ነው፤ ማንም ቢሆን ያደርገዋል። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።”

ቅርንፉዱ እውነት ነው፤ ቱቦው ውሸት ነው። ውሸት ከእውነት ጋር ሲለወስ ይዋጣል፤ ብልህ ናት። ዋጋውንም ታውቀዋለች። ቱቦውን ያቆሸሸ ሰው ዳግመኛ አይይዘውም፤ ይህም ደንብ ነው።

ሊቀመንበሩ ከረባቱን አላላ። የደስታ ፊት አልነበረውም። “እንግዲያው ቱቦውን አስቀምጪ፣ ሙሽሪት” አለ። “ሰኞ አንድ ባለሙያ እጠራለሁ። አዝናለሁ፣ ግን ሌላ ምን ላድርግ?”

ባሏ ቀረብ ብሎ ከጎኗ ቆመ። እሷ ቱቦዋን ከግድግዳው ላይ አውርዳ ለሊቀመንበሩ ዘረጋች።

“ውሸቷን ነው!”

ሁሉም ዞሩ። ሽማግሌው ደረጃው ላይ ናቸው፤ ግድግዳውን ተደግፈው አንድ በአንድ ይወርዳሉ። “ዓይኗን አፍጥጣ ስትዋሽ ተመልከቷት! ቱቦዋ ከመስኮት መስታወት ይጠራል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

“አባባ፣ ተዉት እባክዎ—”

“አንቺ ዝም በይ! አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በይ!” አሉና ታች ደርሰው እስኪተነፍሱ ሁሉም ጠበቀ። “ልጄ፣ እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ ምንም ነገር ቀምሼ አላውቅም። ምላሴ ሞቷል። ተሳስቼ ካገኘኸኝ እወጣለሁ ብዬህ ነበር፤ ይኸው፣ አራት በርሜል ተሳሳትኩ። ወጥቻለሁ።”

ሊቀመንበሩ አፉን በእጁ ያዘ። “እንዴት ይሆናል? ሦስቱ ዓመታት... ያ ሁሉ ወይን... አንድ በርሜል እንኳ ሳይስቱ?”

“የምጽፈው እያነበብኩ ነዋ።”

“ምኑን?”

ሽማግሌው በከዘራቸው ጫፍ ወደ ሙሽሪት አመለከቱ። “ይችን። ፊቷን። ደግ ሲሆን ቅንድቧ ይነሳል፤ ክብ አደርጋለሁ። ሲቀረው ከንፈሯን ትስባለች፤ ሰረዝ አደርጋለሁ። ሲበላሽ አፍንጫዋ ይሸበሸባል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳሳተችኝም። ማክሰኞ ጥርሷን አመማት፤ እኔ ምኑን አውቄ! ወይኑ መስሎኝ ጥርሷን ኮምጣጤ ላደርገው ነበር!”

መጀመሪያ የሳቀው ኮምጣጤ ሠሪው ነው። በርሜል ተደግፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባሏ ሳቀ፤ ባሏ! ሳቁን የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። ሙሽሪትን ከላይ እስከ ታች ገና እንደተዋወቃት ሰው ያያታል። በየእንግዳው ፊት “የአባታችን ምላስ” ሲል የከረመበት ወይን የማን እንደነበረ ቀስ እያለ እየገባው ነው።

እሷም እየገባት ነው። ደም ወደ ፊቷ ወጣ።

“ሦስት ዓመት?” አለች። “ሦስት ዓመት ሙሉ? እኔ እኮ የእርስዎን ምላስ ሳደንቅ ነው የኖርኩት! አባባ ይቺን እንዴት አወቋት፣ አባባ ያቺን እንዴት ለዩዋት እያልኩ! እኔ ምን አለብኝ፣ እኔ ቀጂ ነኝ እያልኩ! ሲጨበጨብልዎት አብሬ ሳጨበጭብ!” እንባዋ ፈሰሰ፤ ንዴት ይሁን ደስታ እሷም አታውቀውም፤ ሁለቱም ነው መሰለኝ። “ሲሆን ሲሆን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?”

“ብነግርሽ ፊትሽን ትጠብቂው ነበር” አሉ ሽማግሌው። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ አለ። “አፈርኩም። ይቅር በይኝ ልጄ።”

“ይቅርስ ብያለሁ” አለች አፍንጫዋን በጉርዷ ጫፍ እየጠረገች። “ከዛሬ ወዲያ ግን ማንም ፊቴን አያነብም። በአፌ እናገራለሁ።”

“ደንቡ—” ብሎ ጀመረ ሊቀመንበሩ።

“ደንቡን ያወጣው አባቴ ነው” አሉ ሽማግሌው፤ “ወንድሞቹ ስለተጣሉበት። ይችን የሚጣላት ካለ እኔን ይጠይቀኝ። ባለሙያ ልጥራ አላልክም? ባለሙያው ሦስት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆሞልሃል። ቁጭ ብለህ ተማር።”

ሊቀመንበሩ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በገዛ እጁ የኮምጣጤ ሠሪውን ቱቦ ጠቅልሎ ደረጃው ሥር አስቀመጠው። “አጀንዳው ተዘግቷል” አለ፤ ይህን ሲል ከንፈሩ ዳር ላይ ፈገግታ ነበር። ሽማግሌው አራቱን ኤክስ በእጅጌያቸው ጠረጉ፤ አንዱን ከጠረጉ በኋላ እያረፉ ነው የጨረሱት። የታችኛው መሬት ስምንቱም ሰኞ እንደ አዲስ እንዲቀመሱ ተወሰነ። ባሏ ለሁሉም ብርጭቆ አመጣ። ለኮምጣጤ ሠሪውም ተቀዳለት፤ ባዶ ታንከር ይዞ ለሚመለስ ሰው ይህ ይገባዋል።

ሽማግሌው ባዶ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ብርጭቆአቸውን ተቀበሉ። ጎነጩ፣ አፋቸው ውስጥ ያዙት፣ ዋጡት። ፊታቸው ላይ ምንም አልመጣም። ብርጭቆውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና “በይ ንገሪኝ” አሏት።

ሙሽሪት አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። በዚያ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብላለች፤ ከየት ይጀመራል?

“መጀመሪያ ይቀዘቅዛል” አለች በመጨረሻ። “ጥላ ሥር ያደረ ድንጋይ ሲነካ እንደሚቀዘቅዘው። ከዚያ ጥቁር ፍሬ ይመጣል፣ ከመብሰሉ ትንሽ ያለፈ። አልጣፈጠም፤ ሊጣፍጥ ሲል ይተወዋል። ቀጥሎ...” ዓይኗን ጨፈነች። “ቀጥሎ የዳገቱ አፈር ነው፣ አባባ። ያኔ ዓይኔን አስጨፍነው ያስሸተቱኝ። ከዝናብ በኋላ፣ ፀሐይ ስትወጣበት። እሱ አይሄድም። ከዋጡት በኋላም እዚህ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ዕንጨቱ አለ፣ ግን ከኋላ ነው፣ አይጮህም። መጨረሻ ላይ ትንሽ ይመራል፤ ሌላ ጉንጭ የሚያስፈልግዎት ለዚያ ነው።”

ሽማግሌው ብርጭቆውን አንስተው እንደገና ጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ቆዩ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ወርዶ አገጫቸው ላይ ደረሰ። ከዚያ ዋጡት።

“ቀመስኩት” አሉ።